አሮጌ ዴስክቶፕን የሚተካ አዲስ ኮምፒውተር ለመገጣጠም፦ የትኛውን ዕቃ ትመክራላችሁ?

ጥያቄ

አሁን ያለው ኮምፒውተር 4ኛ ትውልድ ኮር አይ5 (4460)፣ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ራም፣ ባለ 2 ጊጋ ጂቲኤክስ 960 ግራፊክስ ካርድ፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክና 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። የሚሠራበት በዳቪንቺ ሪዞልቭ የ4ኬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ አልፎ አልፎ ብሌንደር (የ3ዲ ሥራ)፣ ሲመሽ ደግሞ ጌም ነው። ሞኒተሩ 27 ኢንች ባለ 1440ፒ ስለሆነ አይቀየርም። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የቱ ይሻላል? ከአሮጌውስ ምን ይተርፋል?

መልስ 1

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፤ የሚገዛው የሚታወቀው የሚቀረው ሲለይ ነው። ሞኒተሩ፣ ኪቦርዱና ማውሱ ይቀጥላሉ። ኬዙ የኤቲኤክስ ማዘርቦርድ የሚይዝ ከሆነና ፊቱ አየር የሚያስገባ ከሆነ ይቆይ፤ ፊቱ በመስታወት ወይም በድፍን ፕላስቲክ የተዘጋ ከሆነ ግን ተወው። ሃርድ ዲስኩ ያለቁ ፋይሎችን ለማስቀመጥ ይጠቅማል፣ ዊንዶውስ ግን አይጫንበት። ራሙ አይተርፍም፤ የዲዲአር3 እና አዲሱ ማሽን የሚጠቀመው የዲዲአር5 መሰኪያ ስለማይመሳሰል አይገባም። ፓወር ሰፕላዩን ለማትረፍ አትሞክር። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀትና በዕድሜ ይደክማሉ፤ ሲበላሽ ሌላ ዕቃ ይዞ የሚሄድበት ጊዜም አለ።

ማሽኑን ለመቀየር ፍጥነቱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ከቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቁልፍ የሚይዝ ቺፕ) ጋር ይጠይቃል። 4460 ይህን አያሟላም።

ለአንተ ሥራ የሚነጻጸሩት ፕሮሰሰሮች ሦስት ናቸው፦ ራይዘን 7 7700፣ ኮር አይ5 14600ኬ እና ኮር አልትራ 5 245ኬ። 14600ኬ 14 ኮርና 20 ትሬድ (ኮር ሥራ የሚሠራው የፕሮሰሰር ክፍል፣ ትሬድ በአንዴ የሚካሄድ ሥራ ነው) ስላለው ሬንደር (የመጨረሻውን ምስል ወይም ቪዲዮ ማውጣት) ላይ ጠንካራ ነው። ነገር ግን በሙሉ ኃይሉ እስከ 181 ዋት ይጎትታል፣ ጥሩ ኩለር ይፈልጋል፣ የሚቀመጥበት ኤልጂኤ1700 ሶኬትም በ14ኛው ትውልድ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ደርሷል። ከዚያ ሌላ በ13ኛና በ14ኛ ትውልድ ላይ በተጋነነ ቮልቴጅ ምክንያት ፕሮሰሰሩ ቀስ በቀስ የሚጎዳበት ችግር ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 በማይክሮኮድ (ፕሮሰሰሩን በሚመራ ትንሽ ፕሮግራም) አስተካክሎታል፤ ስለዚህ ይህን የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን የማዘርቦርድ ፕሮግራም) ያድስ። ቀድሞ የተጎዳን ፕሮሰሰር እድሳቱ አያድነውም፤ ያገለገለ ከሆነ አልመክርም።

245ኬም 14 ኮር ነው፣ ከ14600ኬ ያነሰ ኃይል ይበላል፣ ኤዲቲንግ ላይም ደህና ነው። ኩለር ግን አብሮት አይመጣም።

የእኔ ምርጫ 7700 ነው። 8 ኮር፣ 16 ትሬድ፣ 65 ዋት የተመዘገበ (በተግባር እስከ 88 ዋት የሚወጣ)፣ ካርቶን ያለው ከሆነ ኩለሩን ይዞ ይመጣል። የሚቀመጥበትን ኤኤም5 ሶኬት አምራቹ ኤኤምዲ ቢያንስ እ.ኤ.አ. እስከ 2027 እደግፋለሁ ብሏል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማዘርቦርዱንና ራሙን ሳትነካ ፕሮሰሰሩን ብቻ ትቀይራለህ። ሥራህ ጌም ብቻ ቢሆን 7800ኤክስ3ዲ እል ነበር። የእሱ 96 ሜጋ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) ጌም ላይ እንጂ ሬንደር ላይ ብዙ አይጠቅምም።

ማዘርቦርዱ ቢ650 የሚባለው ዓይነት ይበቃል። ኤክስ870 የሚጨምርልህ ዩኤስቢ4ንና ተጨማሪ ወደቦችን ነው፤ ለሱ መክፈል አያስፈልግም። ሰሌዳው ላይ መብራትና ጌጥ ሳይሆን ሁለት ነገር ፈልግ፦ ቢያንስ ሁለት የኤም.2 (ኤስኤስዲ የሚሰካበት) ቦታና ከጀርባው ባዮስ ፍላሽባክ (ባዮሱን ከፍላሽ የሚያድስ) ቁልፍ። ራም 2 ጊዜ 16 ጊጋ፣ ፍጥነቱ 6000፣ መዘግየቱ ሲኤል30፣ ኤክስፖ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬድ ቅንብር) የተጻፈበት። የ4ኬ ሥራህ ኤፌክት የሚበዛበት ከሆነ 2 ጊዜ 32 አድርገው፤ አራት ስቲክ ግን አትሰካ። በራይዘን 7000 ላይ አራት ስቲክ ሲሞላ ኤኤምዲ በይፋ የሚደግፈው ፍጥነት ወደ 3600 ይወርዳል።

መልስ 2

በፕሮሰሰሩ እስማማለሁ። ካርዱ ላይ ግን ልጨምር፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 5060 ቲአይም ሆነ የኤኤምዲው አርኤክስ 9060 ኤክስቲ በ8 እና በ16 ጊጋ በአንድ ስም ይሸጣሉ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታይ አትውሰድ። ሪዞልቭ ውስጥ 4ኬ ላይ የድምፅ ማጥሪያ ሳይሆን የምስል ማጥሪያ (ኖይዝ ሪደክሽን) ስትጨምር 8 ጊጋ ቶሎ ይሞላል፣ ፕሮግራሙም የካርድ ሜሞሪ አለቀ ብሎ ይቆማል።

ለጌም ብቻ ቢሆን 9060 ኤክስቲ ጥሩ ነው፤ 160 ዋት ገደማ ይበላል፣ ሙሉ 16 ሌን (ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኝ የመረጃ መስመር) ይጠቀማል። ብሌንደር ግን በኤንቪዲያ ኦፕቲክስ (የሬንደር ማፍጠኛ) በግልጽ ይፈጥናል። ካሜራህ 10 ቢት 4፡2፡2 (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ ቪዲዮ) የሚቀርጽ ከሆነ ደግሞ የ50 ተከታታይ ካርዶች ያንን ቪዲዮ በቺፑ ይፈቱታል፤ የ40ዎቹና ከዚያ በፊት ያሉት ኤንቪዲያዎች አይችሉም፣ ጫናው ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ታይምላይኑ ይንተባተባል። ስለዚህ ለአንተ ባለ 16 ጊጋው 5060 ቲአይ። የኢንቴሉ አርክ ቢ580 12 ጊጋ ስላለው ያጓጓል፤ ሪሳይዘብል ባር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲደርስበት የሚያደርግ ቅንብር) ባዮስ ውስጥ ካልበራለት ግን በጣም ይደክማል።

ኤስኤስዲው ላይ ፒሲአይኢ 5 (የማገናኛው 5ኛ ትውልድ) አትመኝ። ይሞቃል፣ ኤዲቲንግ ላይ የሚታይ ለውጥም አያመጣም። በሰከንድ 7000 ሜጋ ገደማ የሚያነብ ፒሲአይኢ 4 በቂ ነው። ይልቅ ቲኤልሲ (በአንድ ሴል 3 ቢት የሚይዝ) መሆኑን አረጋግጥ፤ ኪውኤልሲ (4 ቢት የሚይዘው) ትልቅ ፋይል ሲገለበጥበት ካሽው እስኪሞላ ይሮጣል፣ ከዚያ ከሃርድ ዲስክ የሚያንስበት ጊዜ አለ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሁሉንም በአንዴ መግዛት ካልተቻለ ካርዱን ቀድሞ አሮጌው ላይ መሰካት ይሻላል?

መልስ 3

አይሻልም። 5060 ቲአይ 8 ሌን ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ የአንተ ማዘርቦርድ ፒሲአይኢ 3 ስለሆነ መንገዱ ይጠብባል፣ 4 ኮሩ ፕሮሰሰርም ካርዱን መመገብ አይችልም። ተቃራኒውን አድርግ፦ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲና ፓወር ሰፕላይ መጀመሪያ። 7700 የራሱ ትንሽ ግራፊክስ ስላለው ያለ ካርድም ሞኒተር ያበራል፤ 7500ኤፍ የለውም፣ እሱን እንዳትወስድ። እስከዚያው 960ውን አዲሱ ላይ ልትሰካው ትችላለህ።

ፓወር ሰፕላዩ 650 ዋት ይሁን። ካርዱ 180፣ ፕሮሰሰሩ 88፣ የቀረው ሁሉ ተደምሮ 350 ዋት አካባቢ ነው፤ ትርፉ ለቅጽበታዊ ዝላይና ለነገ ካርድ ነው። ጎልድ የሚለው ምልክት ኤሌክትሪክ አለማባከኑን ብቻ ይናገራል፣ ስለ ጥራቱ አይመሰክርም። የዋስትናውን ዘመን እይ፤ 7 ወይም 10 ዓመት የሚሰጥ አምራች በዕቃው ይተማመናል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአሮጌውን ተነቃይ ኬብሎች አዲሱ ላይ አትሰካ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አሰላለፍ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ኬብሉ ገጥሞ 5 ቮልት በሚጠበቅበት 12 ቮልት ከላከ ዲስክህ በቅጽበት ይቃጠላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) የምትጨምር ከሆነ ንጹህ ሳይን ዌቭ (እንደ መደበኛው መብራት ለስላሳ ሞገድ) የሚያወጣውን ምረጥ።

መልስ 4

ገጠማው ላይ ማንም አልተናገረም፤ አብዛኛው «አልበራ አለ» የሚመጣው ከዚያ ነው።

ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውንና ኩለሩን ማዘርቦርዱ ካርቶን ላይ እያለ ግጠም። ኤኤም5 ላይ ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ላይ ነው፤ በጣት አይነኩም፣ ከታጠፉ ማቃናቱ ከባድ ነው። ጥቁሩን ፕላስቲክ ክዳን ቀድመህ አታውልቀው፣ ማንሻውን ስትዘጋ ራሱ ይፈናጠራል። የ7700 ኩለር ከሥሩ ፓስታ (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) የተቀባ ከሆነ ሌላ አትጨምር። ሌላ ኩለር ከገዛህ የአተር ፍሬ የምታክል ይበቃል፣ የግርጌውን መከላከያ ላስቲክ መላጥ አትርሳ። ሁለት ማማ ያላቸው ኩለሮች ወደ 155 ሚሊሜትር ይቆማሉ፤ አሮጌው ኬዝ ይህን ቁመት መያዙን ቀድመህ ለካ።

ራሞቹ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ቦታ ይገባሉ። ኬዙ ውስጥ ያሉት የነሐስ መቆሚያዎች ከማዘርቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር መግጠማቸውን እይ፤ ትርፍ የቀረ አንዱ ከጀርባ ነክቶ ሾርት ያደርጋል። ባለ 24 ፒኑን ማንም አይረሳም። የሚረሳው ከላይ በግራ ጥግ ያለው ባለ 8 ፒን የፕሮሰሰር ኬብል ነው፤ ያለ እሱ ፋኖች ይዞራሉ፣ ምስል ግን አይመጣም። ካርድ ካለ ሞኒተሩ ካርዱ ላይ ይሰካል፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም።

መጀመሪያ ስታበራው ስክሪኑ ለብዙ ደቂቃ ጥቁር ሊሆን ይችላል። ዲዲአር5 ሜሞሪውን እያሠለጠነ (ከፕሮሰሰሩ ጋር እያስማማ) ነውና አታጥፋው። 15 ደቂቃ ካለፈ የማዘርቦርዱን ትንንሽ መብራቶች እይ፦ የበራው ዲራም (ራም) የሚለው ከሆነ አንድ ስቲክ ብቻ በሁለተኛው ቦታ ትተህ ሞክር፤ ቪጂኤ (ካርድ) የሚለው ከሆነ ካርዱንና የኃይል ኬብሉን እንደገና ጫን። ሲነሳ ባዮሱን አድስ፣ ከዚያ ኤክስፖን አብራ፤ ካልበራ 6000 የተባለው ራም በ4800 ይሄዳል። ቀጥሎ የራም መፈተሻውን ሜምቴስት86ን አራት ዙር አስኪደው። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ዊንዶውስ አትጫን፤ ራሙን መልሰህ ቀይር።

ወደ መጫኑ ስትሄድ የኔትወርክ ድራይቨሩን በሌላ ፍላሽ ይዘህ ቅረብ፤ የዊንዶውስ 11 መጫኛ አዳዲስ የኔትወርክና የዋይፋይ ቺፖችን የማያውቅበት ጊዜ አለ፣ ያለ ኢንተርኔት ደግሞ አላልፍም ይላል። ስትጭን ሃርድ ዲስኩን ንቀለው፤ አለበለዚያ የማስነሻ ፋይሉን እሱ ላይ ሊጽፈው ይችላል፣ ዲስኩ የተነቀለ ቀን ማሽኑ አይነሳም።

መልስ 1

አንድ የቀረ፦ የዊንዶውስ ፈቃዱ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር ተጭኖ የተሸጠ ከሆነ ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ ነው፣ አይዛወርም። ለብቻው የተገዛ ከሆነ አሮጌውን ከመፍታትህ በፊት ከማይክሮሶፍት አካውንትህ ጋር አገናኘው። ዲስኩ ላይ ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ካለም የማስመለሻ ቁልፉን በወረቀት ገልብጥ፤ ማዘርቦርዱ ሲቀየር ባለ 48 አሃዙን ቁጥር ይጠይቅሃል።