ክርክር፦ ኤድዋርድ ኮልስ ቨርጂኒያን ጥሎ መውጣት ነበረበት?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ሰው ኤድዋርድ ኮልስ ነው፤ የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት ሁለተኛው አገረ ገዥ። ስሙን የምናውቀው ጥቂት ስለሆንን በአጭሩ ላስተዋውቀው። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

በ1786 ቨርጂኒያ፣ አልበማርል ካውንቲ፣ ከሀብታም ባለእርሻ ቤት ተወለደ። ኮሌጅ እያለ ባርነት ትክክል አይደለም ብሎ አመነ። በ1808 አባቱ ሲሞት መሬትና ባሮች ወረሰ። ከዚያ ለዓመታት የፕሬዚዳንት ማዲሰን የግል ጸሐፊ ሆነ። በ1819 ሰዎቹን ይዞ ከቨርጂኒያ ወጣ፣ መንገድ ላይ ነጻ አወጣቸው፣ ኢሊኖይ ገባ። በ1822 አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ።

ጥያቄው ይኸውላችሁ። ኮልስ በ1814 ለቶማስ ጀፈርሰን ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ጀፈርሰን ሲመልስለት አገርህን ትተህ አትሂድ፣ እዚያው ሆነህ በጽሑፍም በወሬም ቀስ እያልክ ሰዉን አሳምን አለው። ኮልስ ምክሩን አልተቀበለም። ማን ልክ ነበር? ስድብ ክልክል ነው። ከርዕስ የወጣ ይሰረዛል።

ቡና ያጣው፦
ጀፈርሰን። ሊጮህብኝ የተዘጋጀ ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። ጀፈርሰን ራሱ ያላደረገውን እንደመከረ አውቃለሁ። ምክሩ ግን ጥሩ ነው። ደህና ደህናው ሰው ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ከወጣ ግዛቱ ለማን ይቀራል? በ1832 መጀመሪያ ላይ የቨርጂኒያ ምክር ቤት ስለ ባርነት በግልጽ ተከራክሯል። የጀፈርሰን የልጅ ልጅ ራሱ ቀስ በቀስ ነጻ የማውጣት ሐሳብ ይዞ ቀርቦ ነበር። ድምፅ ሲሰጥ እርምጃ ይወሰድ ያሉት 58፣ አይሆንም ያሉት 73። ኮልስስ? ከሩቅ ሆኖ ደብዳቤ ጻፈ። እዚያው ወንበር ይዞ ቢሆን ኖሮ?

የሕግ ተማሪዋ፦
ወንድሜ፣ የ1806ቱን ሕግ እኮ ዘለልከው። በዚያ ሕግ ቨርጂኒያ ውስጥ ነጻ የወጣ ሰው በ12 ወር ውስጥ ግዛቱን ለቅቆ መውጣት አለበት። ካልወጣ ነጻነቱን ያጣል፣ ተመልሶ ሊሸጥ ይችላል። ኮልስ እዚያው ቢቀር ሰዎቹን ነጻ አውጥቶ ወደማያውቁት አገር ብቻቸውን ማባረር ነበረበት። አለዚያ ደግሞ በጉልበታቸው እየበላ ስለ ነጻነት ንግግር ማድረግ። «ቀርቶ መታገል» የምትለው በተግባር ሁለተኛው ነው።

ቡና ያጣው፦
እሱንማ 11 ዓመት አድርጎታል። ከ1808 እስከ 1819 ቁጠሪ። ይባስ ብሎ ሐሳቡን ከአባቱ ደብቋል፤ ካወቀ አያወርሰኝም ብሎ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ቤት እራት ይበላል፣ በ1816 መልእክተኛ ሆኖ ሩሲያ ይሄዳል፣ ሰዎቹ እርሻ ላይ ናቸው።

ጋሽ መምህር፦
ልጆች፣ ደብዳቤዎቹን ያነበበ ያለ አልመሰለኝም። ኮልስ ሲጽፍ 27 ዓመቱ ነው፤ ጀፈርሰን 71። ኮልስ የለመነው አንድ ነገር ነው። አንተ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ መውጣቷን ያወጀውን ሰነድ የጻፍክ ሰው ነህ፣ ስምህ ከባድ ነው፣ ባርነት ቀስ በቀስ የሚቀርበትን መንገድ አንተ ምራን ነው ያለው። ጀፈርሰን ይህ የወጣት ሥራ ነው፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ያለኝ ጸሎት ብቻ ነው አለ። በጨዋ ቋንቋ እምቢ ማለት እንዲህ ነው።

ኮልስ ዝም አላለም። በመስከረም 1814 መልሶ ጻፈ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ካንተ ዕድሜ በኋላም ከባድ ሥራ ይሠራ ነበር፣ ፔንሲልቬኒያ ከባርነት ቶሎ የተገላገለችው በእሱ ነው አለው። አስቡት፤ አንድ ጎረምሳ የቀድሞ ፕሬዚዳንትን «እርጅና ሰበብ አይሆንም» ሲል! በእኛ ቤት ቢሆን በኩርኩም ነበር የሚመለሰው።

እንግዲህ ጀፈርሰን ቨርጂኒያ ነበር። በ1826 እስኪሞት እዚያው ነበር። መቅረት ብቻውን ምን አመጣ? ማዲሰንም ቀርቷል። ኮልስ ሰዎችህን በኑዛዜህ ነጻ አውጣ እያለ ወትውቶታል። በ1836 ኑዛዜው ሲከፈት ነጻ የወጣ የለም።

ዝምተኛው፦
የወንዙን ታሪክ የማታውቁ ካላችሁ፦ ሚያዝያ 1819፣ ሁለት ጠፍጣፋ ጀልባ አንድ ላይ ታስሮ ከፒትስበርግ በታች በኦሃዮ ወንዝ ይንሳፈፋል። ኮልስ ሁሉንም ሰበሰበና ከአሁን ጀምሮ ነጻ ናችሁ፣ የፈለገ ከእኔ ጋር ይቀጥል፣ የፈለገ እዚሁ ወርዶ ይሂድ አላቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ እንባም መጣ። ከዚያ ለየቤተሰቡ ኃላፊ 160 ኤከር መሬት እንደሚሰጥ ነገራቸው። ስለ ድካማችሁ ነው አላቸው።

ግን ይህን ሁሉ የጻፈው ኮልስ ራሱ ነው፣ ካረጀ በኋላ። ከሳቁት ሰዎች አንዱ እንኳ በራሱ እጅ የጻፈው ነገር ቀርቶ ብናነብ ጥሩ ነበር።

ቡና ያጣው፦
ይኸው! ታሪኩ ሁሉ በባለ ጀልባው አፍ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
እሱስ እውነት ነው። መሬቱና የነጻነት ወረቀቱ ግን ወሬ አይደሉም። ኢሊኖይ ሲገባ የሰፈረበት ካውንቲም አልለቀቀውም። በኢሊኖይ ሕግ ነጻ የሚያወጣ ሰው ለእያንዳንዱ የ1,000 ዶላር ዋስትና ማስያዝ ነበረበት። ሕጉ የወጣው መጋቢት 1819 ነው፤ ታትሞ የወጣው ግን በጥቅምት። ኮልስ የነጻነት ወረቀቱን የሰጠው በመካከሉ ነው። አገረ ገዥ ሆኖ ባርነትን መቃወም ሲጀምር ያ ካውንቲ፣ ማዲሰን ካውንቲ የሚባለው፣ ከሰሰው፣ 2,000 ዶላር ተፈረደበት። በ1826 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው። ሰዎችን ነጻ አወጣህ ተብሎ የተከሰሰ አገረ ገዥ ስንት ታውቃላችሁ?

አወያይ፦
ቆይ፣ ኢሊኖይ ነጻ ግዛት አልነበረችም እንዴ? ጋሼ፣ ይህን ያብራሩልን።

ጋሽ መምህር፦
በወረቀት ነጻ ናት። የ1818ቱ ሕገ መንግሥት ወደፊት ባርነት አይገባም ይላል። ግን በሾኒታውን የጨው ማምረቻ ባሮችን ማሠራት እስከ 1825 ተፈቅዷል። የቆዩት ባሮችም ባሉበት ቀሩ። በ1820 ቆጠራ ኢሊኖይ ውስጥ 917 ባሮች ተመዝግበዋል። ነጻ ግዛት ነው እንግዲህ!

በ1822 ምርጫ አራት ሰዎች ተወዳደሩ። የባርነት ደጋፊዎቹ ድምፅ ለሁለት ተከፈለ፤ ኮልስ 2,854 አግኝቶ በ167 ድምፅ ብልጫ አለፈ። ከመራጩ ሲሶው ብቻ ነው የመረጠው። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠነቀቅ ነበር። እሱ ገና በመክፈቻ ንግግሩ በግዛቱ ያለው ባርነት ይጥፋ፣ ጥቁሮችን የሚጫኑት ሕጎች ይሻሻሉ አለ።

ምክር ቤቱ ተቆጣ። ባርነትን ለመፍቀድ አዲስ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ይጠራ የሚል ሐሳብ መጣ። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ አንድ ድምፅ ጎደለ። ምን አደረጉ? የፓይክ ካውንቲው ኒኮላስ ሃንሰን ተቃውሞ ስለነበር ወንበሩን ነጠቁት። ሳምንታት ቀደም ብሎ አንተ ነህ ትክክለኛው ተመራጭ ብለው ያጸደቁለትን ወንበር! በቦታው ጆን ሾን አስቀመጡ። እሱም እሺ አለ፣ አለፈ። ያን ሌሊት የያኔዋ የግዛቱ ዋና ከተማ ቫንዳሊያ ላይ ቀንድ እየነፉ፣ ድስትና ቆርቆሮ እየደበደቡ ኮልስ ያረፈበት ቤት ደጅ መጥተው «ጉባኤ ወይም ሞት» እያሉ ጮኹ።

ከዚያ ወዲያ 18 ወር ያህል ዘመቻ ነው። ኮልስ የአራት ዓመት ደመወዙን፣ 4,000 ዶላር፣ ለዚሁ አዋለ። ጋዜጣ ላይ ጻፈ፣ አጻፈ፣ በራሪ ጽሑፍ አስበተነ። ነሐሴ 2 ቀን 1824 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ጉባኤ ይጠራ ያለው 4,972፣ አይጠራ ያለው 6,640።

ቡና ያጣው «እዚያ ቢቀር ኖሮ» ይላል። በቨርጂኒያው ድምፅ የባርነት ተቃዋሚዎች ተሸንፈዋል፤ በኢሊኖዩ ግን አሸንፈዋል። ኮልስ ያሸነፈው ከወጣ በኋላ ነው።

ዝምተኛው፦
ጋሼ፣ ያ 6,640 ሰው ግን ለጥቁር አዝኖ አይደለም። ብዙው ባለ ትንሽ መሬት ነው። ትልልቅ ባለባሪያ ገበሬዎች መጥተው እንዳይውጡት ፈራ። ማስረጃው? ጥቁሮችን የሚጫኑት ሕጎች እንዳሉ ቀጠሉ። በ1853 ጭራሽ ነጻ ጥቁር ወደ ግዛቱ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ወጣ። የተሻረው በ1865 ነው። ኮልስ ከወንዙ ያወረዳቸው ሰዎች የደረሱት እዚህ አገር ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ልክ ነው። ግን በድምፅ የሚፈለገው ውጤቱ ነው። የመራጩን ልብ የሚመረምር ኮሮጆ የለም።

ቡና ያጣው፦
እሺ ኢሊኖይን ልስጣችሁ። በ1831 ለኮንግረስ ተወዳደረ፣ ተሸነፈ። ከዚያስ? እንደገና ጓዙን ጠቅልሎ ፊላደልፊያ ገባ፤ በምቾት ኖሮ በ1868 ሞተ። አንድ ልጁ ወደ ቨርጂኒያ ተመልሶ ለኮንፌደሬሽኑ፣ ማለትም ባርነትን ለማቆየት ለተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች፣ ሲዋጋ በ1862 ተገደለ። ይህ ሰው ሥር የለውም። በወጣ ቁጥር የተወውን ቦታ ሌላው ይወስደዋል።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ስከታተል ነበር። እኔ ኮልስ የተወለደበት ግዛት ውስጥ ነው የምኖረው፤ አገሬን ትቼ መጥቼ። «ወጥተህ ምን አመጣህ?» የሚለውን በየሠርጉ እሰማዋለሁ፣ ስለዚህ ወገንተኛ ልሆን እችላለሁ። የልጁ ነገር ያሳዝናል፤ ግን በአባት ላይ የሚቆጠር አይመስለኝም። ልጁ እኮ ወደ ቨርጂኒያ ተመልሶ ነው የሞተው። ቀርቶ መታገል የሚያዋጣ ከሆነ፣ ባሪያ አሳዳሪ ሆኖ ቨርጂኒያ ቀርቶ ሰዎቹን በሙሉ ነጻ ያወጣ አንድ ሰው ጥራልኝ።

ቡና ያጣው፦
ሮበርት ካርተር። በ1791 ጀምሮ ከ400 በላይ ሰው ነጻ አውጥቷል። ሁሉንም እዚያው ቨርጂኒያ።

የሕግ ተማሪዋ፦
ያኔ የ1806ቱ ሕግ አልነበረማ። የ1782ቱ ሕግ ነጻ አውጡ፣ ይቅሩ ይላል። ደግሞ ካርተር በ1793 የት ሄደ?

ጋሽ መምህር፦
ባልቲሞር። ጓዙን ጠቅልሎ።

ቡና ያጣው፦
ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ አሸንፌ ነበር። ሌላ ስም ፈልጌ እመጣለሁ።