ፊጂን የምታህል ትንሽ አገር ሰላም አስከባሪ የምትልከው ስለምን ነው?

ጠያቂ፦ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ ስለ ሰላም ማስከበር ለሚያካሂዱት ክርክር ፊጂን በምሳሌነት መርጫለሁ። ፊጂ እ.ኤ.አ. በ1970 ነጻ ወጥታ ስምንት ዓመት ሳይሞላት አንድ ሻለቃ ጦር ወደ ደቡብ ሊባኖስ ላከች። ሕዝቧ ዛሬም አንድ ሚሊዮን አይሞላም፤ የእኛ ምሥራቅ ጎጃም ዞን ብቻውን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። ታዲያ በውቅያኖስ መካከል ያለች፣ የሚያሰጋት ጎረቤት የሌላት አገር ልጆቿን ወደ ሊባኖስ፣ ወደ ግብፁ ሲናና በሶርያና በእስራኤል መካከል ወዳለው ጎላን የምትልከው ስለምን ይሆን? «ለገንዘብ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አላረካኝም።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

መምህር፣ እርስዎን ባያረካዎትም የገንዘቡን ጉዳይ በቅጡ ሳያዩት አይለፉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለሻለቃ ጦር አባላት ደመወዝ በቀጥታ አይከፍልም፤ ለላኪው መንግሥት በነፍስ ወከፍ ይተካል እንጂ። ተመኑ ከጁላይ 2018 ጀምሮ በወር 1,428 ዶላር ነበር፤ ተሽከርካሪውና ሌላው ትጥቅ ደግሞ በተለየ ስምምነት ይታሰባል። ይህ ክፍያ ለሀብታም አገር ወጪውን እንኳ አይሸፍንም፤ የደመወዝ እርከኑ ዝቅ ላለ አገር ግን ሠራዊቱን ከነሥልጠናው የሚያቆም ገቢ ነው። በሲና ያለው ጦር ከነጭራሹ የተባበሩት መንግሥታት አለመሆኑንም ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው፤ እ.ኤ.አ. የ1979ኙን የግብፅና የእስራኤል የሰላም ውል እንዲጠብቅ የተቋቋመ ራሱን የቻለ ኃይል ሲሆን፣ ፊጂ ኃይሉ ሥራ ከጀመረበት ከ1982 አንሥቶ አባል ናት።

መልስ፦ የቀድሞ ሃምሳ አለቃ፣ ከፍኖተ ሰላም

እኔ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት በአብዬ ግዳጅ ላይ የነበርኩ ሰው ነኝ። በበጋ የሚሴሪያ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን እየነዱ ወደ ንጎክ ዲንካ ምድር ሲወርዱ፣ የእኛ ሥራ በሁለቱ መካከል መቆም ነበር። ኬላው ላይ የደረሰን ባለጠመንጃ እረኛ መሣሪያውን እንዲያስቀምጥ ለማግባባት በአስተርጓሚ ረጅም ጊዜ ይነጋገራሉ፤ ከብቶቹ ውኃ ጠምቷቸው ይጮኻሉ፤ ያን ሁሉ ሰዓት ጣትን ከቃታ አርቆ መታገሥ ከውጊያ የሚከብድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ስለ ፊጂ ስናነሣ የቃና መንደርን ልንዘነጋ አይገባም። በኤፕሪል 1996 በዚያች የደቡብ ሊባኖስ መንደር በሚገኘው የፊጂ ሻለቃ ሰፈር፣ ከጦርነቱ የሸሹ 800 ያህል ሰዎች ተጠልለው ሳለ የእስራኤል መድፍ ቅጥሩን መታው፤ ከ100 በላይ ሲቪሎች ሞቱ፣ የፊጂ ወታደሮችም ቆሰሉ። በሰማያዊው ባንዲራ ጥላ ሥር በር ከፍቶ ሰው ያስጠለለ ወታደር፣ ያስጠለላቸውን በእጁ ሲያነሣ የሚሰማውን ሐዘን የትኛውም ተመን አይተካውም።

መልስ፦ ከደጀን

ሃምሳ አለቃ ያሉት ልብ ይነካል፤ እኔን ግን የሚያሳስበኝ ጦሩ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የፊጂን መንግሥት በኃይል የገለበጡት ሌተናል ኮሎኔል ሲቲቬኒ ራቡካ በሊባኖስና በሲና ያገለገሉ መኮንን ነበሩ። አገሪቱ ለራሷ ጥበቃ ከሚያስፈልጋት የበለጠ፣ የውጭ ግዳጅ የሚያኖረው ሠራዊት ስታደራጅ፣ ያ ሠራዊት በቤት ውስጥ የሚስተካከለው ተቋም ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 እንደገና መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ፤ ሆኖም ፊጂዎች በኢራቅ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ሠራተኞች መጠበቃቸውን ቀጠሉ፣ በ2013 ደግሞ ምርጫ ገና ሳይካሄድ ወደ ጎላን ተጠሩ። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት መጨረሻ ላይ 45ቱ በሶርያው ታጣቂ ቡድን በኑስራ ግንባር ታግተው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ተለቀቁ። ወታደሮቹ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ለላካቸው መንግሥት ግን ምስጋናው አብሮ መተላለፍ የለበትም።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የክርክሩን ርዕስ ለውጬዋለሁ፤ ተማሪዎቹ የሚከራከሩት «ትንሽ አገር ጦር ትላክ ወይስ አትላክ» በሚለው ሳይሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ መንግሥት ሰላም አስከባሪ መቀበል ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚለው ይሆናል።