በየሚያዝያው የሚይዘኝ ጉንፋን ነው ወይስ የዛፍ አለርጂ?

መንገደኛው፣ ሰሜን ቨርጂኒያ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ አካባቢ ነው፤ ኡበር እነዳለሁ። አሜሪካ እንደመጣሁ ሰሞን ምንም አልነበረብኝም። አሁን አሁን ግን ሚያዝያ በገባ ቁጥር መከራዬን አያለሁ። ጠዋት ስነሳ ተከታትሎ ያስነጥሰኛል። አፍንጫዬ ውሃ ያፈሳል። ዓይኔን ይበላኛል፣ ላንቃዬን ሳይቀር ያሳክከኛል። ትኩሳት የለኝም፣ ሰውነቴንም አይቆረጥመኝም። ተሳፋሪው ሳስነጥስ ሲሰማ ኮቪድ መስሎት መስኮት ይከፍታል፤ ያኔ ጭራሽ ይብስብኛል።

ባለቤቴ «ሳይነስ ነው» ትላለች። አንድ ጓደኛዬ ከአገር ቤት የመጣ አሞክሳሲሊን ሰጥቶኝ ጨረስኩት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። አለርጂ ይሆን? ሰው ሁሉ ዲሲ ውስጥ የሚያብበውን ቼሪ ነው የሚከሰው፤ እውነት ነው? ደግሞስ ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ከተደረደረው መዓት መድኃኒት እየነዳሁ እንቅልፍ የማይጥለኝ የቱ ነው?

ነርሷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ይማርህ ወንድሜ! የጻፍከው ሁሉ ወደ አለርጂ ያደላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ማሳከኩ ነው። ጉንፋን አፍንጫ ይደፍናል፣ ጉሮሮ ያማል፤ ዓይንና ላንቃን ግን እንዲህ አያሳክክም። ቀጥሎ የቆይታው ነገር ነው። ጉንፋን በሳምንት፣ ቢበዛ በ10 ቀን ይለቃል። ያንተ ወሩን ሙሉ ይዞህ ይከርማል፣ ለከርሞም በዚያው ሰሞን ይመለሳል። ንፍጡ ውሃ መሆኑና ትኩሳት አለመኖሩም ወደዚያው ይመራል።

«ስመጣ ደህና ነበርኩ» ያልከው ብዙ አበሻ የሚደናገርበት ነገር ነው። አለርጂ በመጀመሪያው ቀን አይመጣም። ሰውነት አዲሱን የአበባ ብናኝ ደጋግሞ ያገኘዋል፣ በስህተት እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፣ አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጅለታል። ከዚያ በኋላ ብናኙ አፍንጫህ ውስጥ ባረፈ ቁጥር ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይለቀቃል። ማስነጠሱም ማሳከኩም ከዚያ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ስደተኛ ላይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብቅ የሚለው።

አሞክሳሲሊኑን ተወው። አንቲባዮቲክ የሚገድለው ባክቴሪያ ነው፤ አለርጂ ላይ የሚገደል ባክቴሪያ የለም። እኛ አፍንጫ የተነካ ሁሉ ሳይነስ ነው ማለት እንወዳለን። የሳይነስ ኢንፌክሽን ሲሆን ፊት ያማል፣ ንፍጡ ይወፍራል፣ አንዳንዴም ትኩሳት አለው። ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይሻል ከቆየ ወይም ተሽሎ መልሶ ከባሰ ሐኪም ይየው።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። ስትተነፍስ የሚያፏጭብህ፣ ደረትህን የሚያፍንህ ወይም ሌሊት ሌሊት የሚያስልህ ከሆነ ጉዳዩ ከአፍንጫ አልፏል። አስም ሊሆን ይችላል፤ በመደርደሪያ መድኃኒት አትሞክረው፣ ቶሎ ታይ።

ዛፍ ወዳዱ፣ ዲሲ

ቼሪዋን አትውቀሷት! በ1912 ከቶኪዮ በስጦታ መጥተው ታይዳል ቤዚን ዙሪያ የተተከሉት ዛፎች የሚዳቀሉት በነፍሳት ነው። ብናኛቸው የሚያጣብቅና ከባድ ስለሆነ በነፋስ ሩቅ አይሄድም። ያን ያህል የሚያምሩትም ንብ መጥራት ስላለባቸው ነው። ሰውን የሚያሠቃየው ማንም ቆሞ ፎቶ የማይነሳበት፣ አበባው እንኳን አበባ የማይመስል፣ በነፋስ የሚዳቀል ዛፍ ነው።

እዚህ አካባቢ ከየካቲት ጀምሮ የጥድ ዘመዶች፣ ኤልምና ሜፕል ይጀምራሉ። ሚያዝያ ላይ በርችና ኦክ ይመጣሉ። ቀንደኛው ኦክ ነው፤ ከፈረንጆቹ ኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ። መኪናህ መስታወት ላይ ክር የመሰለ ቡናማ ነገር ሲወድቅ አይተህ ከሆነ እሱ የኦክ አበባ ነው። ከሜይ አጋማሽ በኋላም የሚያስነጥስህ ከሆነ ሣሩንም ጠርጥር።

ባለታክሲው፣ አርሊንግተን

ዛፍ ወዳዱ ጥሩ ብሏል፤ ግን መኪናችንን ቢጫ በቢጫ የሚያደርገው ዱቄትስ? እኔ እሱን ሳይ ነው የሚያስነጥሰኝ።

ዛፍ ወዳዱ፣ ዲሲ

እሱ የፓይን ዛፍ ብናኝ ነው። ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ በዓይን ይታያል፣ ግን ብዙ ሰው ላይ አለርጂ አያስነሳም። የኦኩ ብናኝ በዚያው ሰሞን አየሩ ውስጥ ስላለ ነው ቢጫው የሚታማው። ስለዚህ መኪናህ ንጹሕ ስለሆነ ቀኑ ደህና ነው አትበል። ቁጥሩን እይ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝ የአሜሪካ ጦር ላቦራቶሪ የአካባቢያችንን ብናኝ ይቆጥራል፤ የአየር ሁኔታ ዜናም ያወጣዋል። ለዛፍ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ከ90 ቅንጣት በላይ ከሆነ «ከፍተኛ»፣ ከ1,500 ካለፈ «በጣም ከፍተኛ» ይባላል። ደረቅና ነፋሻ ቀን ይብሳል፤ ዝናብ ሲዘንብ አየሩ ይታጠባል።

ባለታክሲው፣ አርሊንግተን

እሺ ተማርኩ። ለጠያቂው ደግሞ ከሥራችን አንጻር ልንገርህ። መስኮት ዝጋና ኤሲውን አየሩን እዚያው ውስጥ በሚያዞረው ቁልፍ ላይ አድርገው፤ መኪና ከነቀስቱ የተሣለበት ቁልፍ ነው። ረጅም መንገድ ከሆነ አልፎ አልፎ ንጹሕ አየር አስገባ፣ አለዚያ መስታወቱ ይደበዝዝብሃል፣ አንተም ይደክምሃል። የካቢን ፊልተርህን፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን፣ ሚያዝያ ሳይገባ ቀይር። ብዙ መኪና ላይ ከጓንት ማስቀመጫው ኋላ ስለሆነ መካኒክ አያስፈልገውም። ተሳፋሪውን ደግሞ ገና ሲገባ «አለርጂ ነው፣ አይተላለፍም» በለው። እኔ እንደዚያ ነው የምለው፤ ግማሹ «እኔም አለብኝ» ብሎ ወሬ ይጀምራል።

ማታ ስትገባ ልብስህን መኝታ ቤት ይዘህ አትግባ። ፀጉርህን ታጥበህ ተኛ፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ የሰበሰብከውን ትራስህ ላይ ዘርግፈህ ሌሊቱን ስትስበው ታድራለህ።

ፋርማሲስቱ፣ ሜሪላንድ

የመድኃኒቱን እኔ ልመልስ። መደርደሪያው ላይ ያለው ብዙ ይምሰል እንጂ በውስጡ ያለው ጥቂት ነው። የካርቶኑን ስም ሳይሆን «አክቲቭ ኢንግሪዲየንት» የሚለውን አንብብ። የመደብሩ የራሱ ምልክት ያለበት ርካሹ ክኒን ከታዋቂው ጋር ያው ነው።

ለሹፌር የምመርጠው ፌክሶፌናዲን ነው፤ አሌግራ የሚባለው። እንቅልፍ የማምጣት ነገሩ በጣም ትንሽ ነው። በውሃ ብቻ ዋጠው፤ የብርቱካን፣ የፖምና የግሬፕፍሩት ጭማቂ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሰዋል። ሎራታዲን ማለትም ክላሪቲንም ጥሩ ነው። ሴቲሪዚን ማለትም ዚርቴክ ጠንካራ ነው፣ ግን አንዳንዱን ሰው ያደክማል፤ ማታ ሞክረው። ቤናድሪል የሚባለውን የድሮ የአለርጂ ክኒን ወስደህ መሪ እንዳትጨብጥ። ያንቀላፋህ ባይመስልህም ምላሽህን ያዘገየዋል፣ ጠዋትም ላይለቅህ ይችላል።

በየዓመቱ ወር ሙሉ ለሚይዘው ሰው ግን ዋናው መድኃኒት ክኒኑ አይደለም። የአፍንጫ ስፕሬይ ነው፤ ፍሉቲካሶን፣ በንግድ ስሙ ፍሎኔዝ። ያለ ማዘዣ ይሸጣል። መደፈኑንም ማስነጠሱንም ከክኒን በተሻለ ይይዛል። ሰው «ሁለት ቀን ሞከርኩት፣ አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል። ሙሉ ጉልበቱን ለማሳየት ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ኦክ ሳያብብ፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ ጀምረውና ወቅቱ እስኪያልፍ በየቀኑ ውሰደው።

አረጫጨቱም ለውጥ አለው። ራስህን ወደ ኋላ አትጣል፤ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ በል። ለቀኝ አፍንጫ ግራ እጅህን፣ ለግራው ቀኝ እጅህን ተጠቀም፤ ጫፉ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮህ አቅጣጫ ይዙር። መሐል ግድግዳውን ከረጨኸው ይነስርሃል። በኃይል አትሳበው፤ ጉሮሮህ ከመረረህ አፍንጫህ ላይ አልቀረም ማለት ነው።

አፍሪን የሚባለውን ስፕሬይ ከዚህ ጋር እንዳታምታታው። ወዲያው ይከፍታል፣ ደስ ይላል፤ ከ3 ቀን በላይ ከሄድክበት ግን አፍንጫህ ያለ እሱ አልከፈት ይላል። ስሙ መጨረሻ ላይ «ዲ» የሚል ፊደል ያለበትን ክኒን ደግሞ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካ። ለዓይን ኬቶቲፈን ወይም ኦሎፓታዲን የሚል ጠብታ ግዛ። መቅላቱን ብቻ የሚያጠፋውን አትግዛ።

እናት ዓለም፣ አትላንታ

ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ኬሚካል ከምትውጥ ዳማከሴ በቡና አድርገህ ጠጣ። የሰፈሩን ማርም በየጠዋቱ ቅመስ፤ ማሩ ውስጥ ያው አበባ አለ፣ ሰውነትህ ይለምደዋል ይላሉ።

ፋርማሲስቱ፣ ሜሪላንድ

እትዬ፣ ዳማከሴው ለምችና ለጉንፋን ያሳደገን ነው፤ ጠላት አይደለሁም። አለርጂውን ግን አያቆምም። የማሩ ነገር እዚህ አገር ፈረንጁም ያወራዋል። ችግሩ ንብ የምትቀስመው ብናኝ ከሚያማምሩት አበቦች ነው፤ ኦኩ ደግሞ በነፋስ ነው የሚሄደው። ማሩን ለጣዕሙ ይብሉት፣ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ብቻ እንዳይሰጡ።

ከኬሚካል ውጭ የሚረዳ ከፈለጉ አፍንጫ በጨው ውሃ ማጠብ ነው። ብናኙን ጠርጎ ያወጣዋል። ውሃው ግን በቀጥታ ከቧንቧ አይሁን። የተጣራ ዲስቲልድ ውሃ ወይም ቢያንስ 1 ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ቢጠጡት የማይጎዳ ውሃ በአፍንጫ ሲገባ አልፎ አልፎ አንጎል ድረስ የሚሄድ አሜባ ሊይዝ ይችላል።

ሰንበቴ፣ አሌክሳንድሪያ

ጠያቂው ጥሩ ነገር አነሳህ፤ እኔም ገባሁበት። ጾም ላይ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። ክኒኑን ጠዋት መዋጥ አልፈልግም። ደግሞ ቅዳሴ ላይ እጣኑ ሲነሳ ያስነጥሰኛል፤ ለእጣንም አለርጂ አለኝ ማለት ነው?

ነርሷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ እነዚህ ክኒኖች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ናቸው፤ ከመኝታ በፊት ዋጪው። 24 ሰዓት ይይዝሻል። ስፕሬዩን ከጾም ጋር እንዴት እንደሚታይ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

እጣኑ ብዙውን ጊዜ አለርጂ አይደለም። ጭስ ነው፤ በብናኝ የቆሰለ አፍንጫ ጭስ ሲያገኘው ይቆጣል። የቡና ላይ ጭሱም፣ ሽቶውም እንደዚያው። ራቅ ብለሽ ቁሚ። ነጠላሽን ደግሞ ውጭ አታስጪው። ፋሲካ ብዙ ጊዜ ሚያዝያ ላይ ስለሚውል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ውጭ ቆመሽ ታስቀድሻለሽ፤ ያንኑ ነጠላ ማታ ተከናንበሽ አትተኚ።

የዳላሱ

እዚህ ቴክሳስ ወቅቱ የተገላቢጦሽ ነው። እኛን የሚያስለቅሰን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚረጨው ማውንቴን ሴዳር ነው። ሴዳር ይባል እንጂ የአገራችን ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። ቁንጮው ጃንዋሪ ላይ ስለሆነ ገናና ጥምቀት መሐሉ ላይ ይወድቃሉ። «ሴዳር ፊቨር» ይሉታል፤ ግን ትኩሳት የለውም። ትኩሳት ካለህ ጉንፋን ወይም ፍሉ ነው። ስለዚህ ከቨርጂኒያ ወደዚህ የምትዛወሩ ሰዎች፣ ስፕሬዩን ታኅሣሥ ሳይገባ ጀምሩት።

ከነታንያ

በእስራኤልም የራሳችን አለን። መጀመሪያ ብሮሽ የምንለው የጥድ ዘመድ፣ ከዚያ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ወይራ። ወይራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ሥጋ መጥበስ በዚያ ሰሞን ይቅርባችሁ።

መንገደኛው፣ ሰሜን ቨርጂኒያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ፖም ስበላ አፌን ይበላኛል፣ ከንፈሬም ያብጥ ይመስለኛል። ካሮትም እንደዚያው። የተቀቀለ ሲሆን ግን ምንም አይለኝም። ይገናኛል? ደግሞ በመርፌ የሚድን ነገር አለ ሲሉ ሰማሁ።

ነርሷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

በጣም ይገናኛል። ለበርች አለርጂ ያለበት ሰው ላይ የሚታይ ነው። ጥሬ ፖም፣ ኮክ፣ ቼሪ፣ ካሮትና አልመንድ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከበርቹ ብናኝ ጋር ስለሚመሳሰል ሰውነት ያምታታዋል። ሲበስል ፕሮቲኑ ስለሚፈርስ ነው ቅቅሉ የማያስቸግርህ። አፍ ላይ ብቻ ቀርቶ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ጥሬውን መተው ይበቃል። ጉሮሮ ከዘጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውነትህ ሽፍ ካለ ግን 911 ደውል።

በመርፌው ጉዳይ ወደ አለርጂ ሐኪም መሄድ አለብህ። መጀመሪያ ቆዳህ ላይ በትንሽ በትንሹ ጭረው የትኛው ዛፍ እንደሆነ ያያሉ። ከምርመራው በፊት ባሉት 5 እስከ 7 ቀናት የአለርጂ ክኒን አትውሰድ፤ ውጤቱን ያበላሸዋል። ስፕሬዩን መቀጠል ትችላለህ። ክኒኑን ማቆም ካቃተህ የደም ምርመራም አለ። ሕክምናው ራሱ ያ ብናኝ በጥቂት በጥቂቱ በመርፌ እየተሰጠህ ሰውነትህ እንዲለምደው ማድረግ ነው። መጀመሪያ ለጥቂት ወራት በየሳምንቱ፣ ከዚያ በወር አንዴ፣ በጠቅላላው ከ3 እስከ 5 ዓመት። ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላ 30 ደቂቃ እዚያው ተቀምጠህ ትጠብቃለህ፤ የሥራ ሰዓትህን በዚያ አስላ። ከመጀመርህ በፊት ኢንሹራንስህ ጋር ደውለህ በየቀጠሮው ኮፔይ፣ ማለትም ከኪስህ የምትከፍለው፣ ይኑረው አይኑረው ጠይቅ፤ ብዙ ሰው መሐል ላይ የሚያቋርጠው በዚያ ነው።