የስታር ትሬክ ሦስተኛ ሲዝን፦ ደካማዎቹን ክፍሎች እንዴት እንያቸው? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ እንድንቀርጽ ተስማምተን ነበር፤ ጀምሬዋለሁ። የመጀመሪያው ስታር ትሬክ፣ ያ የአሜሪካ የሕዋ መርከብ የቲቪ ድራማ፣ 79 ክፍሎች አሉት። 24ቱ የሦስተኛው ሲዝን ናቸው፤ ሰው የሚያማው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ነው። አምስቱን መርጠን በአምስት ምሽት እንገምግም። የኔ ምርጫ «የስፖክ አንጎል»፣ «ልጆቹም ይመራሉ»፣ «የጌዴዎን ምልክት»፣ «የኤደን መንገድ» እና የመጨረሻው ክፍል ነው። አርሙት።

ገንዘብ ያዡ፦ ተቃውሞ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ለአዳራሽ ከፍለን፣ ሰው ከሥራ መልስ ጠርተን፣ ጥሩው ወጥ እያለ ያረረውን እናቅርብ? የመጀመሪያ ቀን ይስቃል። በሁለተኛው ማንም አይመጣም።

ጋሼ ሰብሳቢ፦ ልጄ፣ ለመሳቅማ ከሆነ እኔም የለሁበትም። ወጡ እንዴት እንዳረረ ማየት ነው የኔ ጉጉት። ድራማውን የሚያሳየው የአሜሪካ ጣቢያ ኤንቢሲ ሊያቆመው ነው ሲባል ተመልካቹ ደብዳቤ አጎረፈ። ጣቢያው በማርች 1968 «ይቀጥላል» ብሎ በአየር ላይ ተናገረ (ቀኑን በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ወስዶ አርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ወረወረው። ወጣቱ በዚያ ሰዓት ቤት የት ይገኛል? የድራማው ፈጣሪ ሮደንቤሪ ተቀይሞ ከዕለት ተዕለት ሥራው ራቀ፤ ፍሬድ ፍራይበርገር በፕሮዲውሰርነት ገባ፤ በጀቱ ተቀነሰ። ስድቡን ግን እስከ ዛሬ ፍራይበርገር ብቻውን ተሸክሟል። ይኼ አይዋጥልኝም። «የስፖክ አንጎል»ን የጻፈው ሊ ክሮኒን ይላል ስሙ። የብዕር ስም ነው። ሰውየው ጂን ኩን ነው፤ በመጀመሪያው ሲዝን «ሰይጣን በጨለማ»ን፣ ያቺን እንቁላሏን የምትጠብቅ የድንጋይ ፍጡር ታሪክ የጻፈው ራሱ ኩን።

ወጣቱ አባል፦ ጋሼ፣ ይህንን አላውቅም ነበር! እንግዲያው ሁለቱን በአንድ ምሽት እንያቸው። አንዱ ክፍል 50 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሁለቱ ከሁለት ሰዓት በታች ያልቃሉ። አንድ እጅ፣ ሁለት ውጤት።

መምህሯ፦ ማጣመሩን ወድጄዋለሁ። ለ«ጌዴዎን» ጓደኛ አለኝ። ይህ ክፍል ሕዝብ ሞልቶ መቀመጫ የጠፋባት ፕላኔት ነው። ግን ያው ሕዝብ የድራማውን መርከብ የኢንተርፕራይዝን ሙሉ ቅጂ ሠርቶ ባዶውን አስቀምጦታል! ለመርከቡ ቦታ ካለ ለሰዉ እንዴት ጠፋ? ለቀረጻው ግን ርካሽ ነው፤ መርከቡ ስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ ነበራ። ከዚያ ያንን የካውቦይ ከተማ ክፍል አስቡት። ከተማውን ጨርሶ መገንቢያ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ቤቶቹ የፊት ግድግዳ ብቻ ናቸው፣ ሰማዩ ቀይ። ከተማው ከመርከቡ ካፒቴን ከከርክ ሐሳብ ተቆራርሶ የወጣ ስለሆነ ጉድለቱ ራሱ ያስፈራል። ያው ሲዝን፣ ያው ችግር። አንዱ ችግሩን ደበቀ፣ ሌላው ተጠቀመበት።

ገንዘብ ያዡ፦ እሺ፣ ይኼኛውን ለማየት እኔም እመጣለሁ። «ልጆቹም ይመራሉ» ግን ይውጣ። ርዕሱ ከኢሳይያስ ነው፣ ያማረ ነው። ክፉውን መንፈስ የሚጫወተው ግን ታዋቂው ጠበቃ ሜልቪን ቤላይ ነው፤ ተዋናይ አይደለም፣ ያስታውቃል። ምን ብለን እንወያያለን?

ጸሐፊዋ፦ ወጣ። «ኤደን» ግን ይቅር አትበሉኝ። የሕዋ ሂፒዎቹ ዘፈን ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ደራሲዋ ዶሮቲ ፎንታና መጀመሪያ የጻፈችው ግን ስለ መርከቡ ሐኪም ስለ ዶክተር ማኮይ ልጅ ነበር። ተለዋውጦ ልጅቷ የመርከቡ መኮንን የቼኮቭ የድሮ ፍቅረኛ ሆነች። ፎንታና ስሟን አስወጥታ በብዕር ስም ወጣ። አባትና ልጅ ቢሆኑ ምን ይመስል ነበር? በዚህ ብቻ አንድ ምሽት ይሞላል።

መምህሯ፦ የመጨረሻውን ክፍል ሴቶች እንምራው። ማርች 28 ቀን 1969 ሊታይ ነበር። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሲያርፍ ተላለፈና ጁን 3 ታየ። አንዲት ሴት የከርክን ገላ ትነጥቃለች፤ ምክንያቷ የመርከብ ካፒቴኖች ዓለም ሴት አያስገባም የሚል ነው። ድራማው ጥያቄዋን ሰምቶ ከመመለስ እብድ አድርጓት አረፈው። ሴቷን መኮንን ኡሁራን በመርከቡ መቆጣጠሪያ ክፍል ያስቀመጠ ድራማ!

ጋሼ ሰብሳቢ፦ ይሁን፣ ምሩት። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። (እሞክራለሁ ማለቴ ነው።)

ጸሐፊዋ፦ የተስተካከለው ረቂቅ፦ «ማኅበሩ አራት ምሽት ያዘጋጃል። በመጀመሪያው የኩን ሁለት ክፍሎች ይታያሉ። በሁለተኛው ‹ጌዴዎን› ከካውቦይ ከተማው ጋር ይቀርባል። በሦስተኛው ‹ኤደን›፣ በአራተኛው የመጨረሻው ክፍል ብቻቸውን ይታያሉ፤ የተረፈው ጊዜ ለክርክር ነው። አወያዩ ከመታየቱ በፊት አሥር ደቂቃ ስለ አሠራሩ ይናገራል።» የሁለተኛው ምሽት አወያይ አልተያዘም። እንደ እቁብ ዕጣ እናውጣ ወይስ ፈቃደኛ አለ?

ገንዘብ ያዡ፦ እኔ ልያዘው። ቡናውን ግን ሌላ ሰው ይያዝልኝ።