ክርክር፦ ገና በባለሙያዎች ያልተገመገመ ጥናት ዜና ሊሆን ይገባል?

የጤና ዘጋቢ፦ በጤና ጉዳይ አይገባም ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ ያልተገመገሙ የሥነ ሕይወት ጥናቶች በሚለጠፉበት ባዮአርካይቭ ድረ ገጽ ላይ የወጣ ወረቀት አዲሱን ኮሮናቫይረስ ከኤችአይቪ ጋር አመሳሰለው። ተመሳሳይ የተባሉት ቁርጥራጮች በጣም አጫጭርና በሌሎች ፍጥረታትም የሚገኙ ስለሆኑ ባለሙያዎች ወዲያው ተቃወሙት፤ ጸሐፊዎቹም በቀናት ውስጥ አነሱት። ወሬው ግን አብሮ አልተነሳም። ዜና ሰምቶ መድኃኒት የሚውጥ ሰው አለና ጥቂት ሳምንት መታገሥ ይሻላል።

የዜና አርታኢ፦ እህቴ፣ ግምገማውን ከልክ በላይ አመንሽው። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የሕክምና ጆርናሉ ላንሴት አስገምግሞ ያተመው፣ ለኮቪድ ስለተሞከረው የወባ መድኃኒት ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተሠራ ጥናት 96,000 ያህል ታማሚዎችን አጥንቻለሁ ይል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በእሱ ምክንያት የመድኃኒቱን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። መረጃ አቅራቢው ሰርጂስፊር ሙሉ ጥሬ መረጃውን ለገለልተኛ መርማሪ አልሰጥም ሲል ጥናቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተሰረዘ። በአንጻሩ ለኮቪድ ታማሚዎች የተሞከረው ዴክሳሜታሶን የተባለ መድኃኒት ውጤት በመግለጫ የተነገረው ጁን 16 ነው፤ ጆርናል ላይ የወጣው ጁላይ 17። ያን አንድ ወር ዝም እንበል ነው የምትይው?

የስታቲስቲክስ መምህር፦ ገምጋሚዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ ጥሬ መረጃውን የሚያዩትም ከስንት አንዴ ነው። ዘዴው ድምዳሜውን ይሸከማል ወይ ብለው ነው የሚጠይቁት። ስለዚህ «ተገምግሟል» የሚለውን ማኅተም ትታችሁ የጥናቱን ሠንጠረዥ ክፈቱ። ዴክሳሜታሶንን እንውሰድ። በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚታገዙት መካከል በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት፣ መደበኛ ሕክምና ብቻ ካገኙት 41.4 በመቶ፣ መድኃኒቱን ካገኙት ደግሞ 29.3 በመቶ ነበሩ። ኦክስጅን ብቻ በሚወስዱት ልዩነቱ ያነሰ ነው፤ 26.2 እና 23.3። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልታየም። «መድኃኒቱ የኮቪድ ታማሚን ያድናል» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ጥናቱ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ቤቱ የተኛውን ታማሚ አሳስቷል። ይህን ስሕተት ግምገማ አያርመውም።

የኢኮኖሚ ዘጋቢ፦ በእኛ ዘርፍ መጠበቅ ፈጽሞ አይሆንም። የኢኮኖሚክስ ወረቀት ጆርናል ላይ እስኪወጣ ዓመታት ይወስዳል፤ ፖሊሲው እስከዚያ ተወስኖ ያልቃል። የአሜሪካው ብሔራዊ የኢኮኖሚ ጥናት ቢሮ የሚያወጣቸው የሥራ ወረቀቶችም ያልተገመገሙ ናቸው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው መረጃውና ስሌቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል ወይ ብዬ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ራይንሃርትና ሮጎፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት ዕዳቸው ከዓመታዊ ምርታቸው 90 በመቶ የሚያልፍ አገሮች ዕድገታቸው በአማካይ −0.1 በመቶ ነው ብሎ ነበር። በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች የኤክሴል ፋይሉን አግኝተው ሲያሰሉት 2.2 በመቶ ሆነ። ቀመሩ አምስት አገሮችን ዘልሎ ነበር፤ የአማካይ አሠራሩም አከራካሪ ነበር። ፋይሉ ባይሰጥ ማን ያውቅ ነበር?

የጤና ዘጋቢ፦ ዴክሳሜታሶን በዕጣ የተከፋፈሉ ከ6,000 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ነው፤ እሱን እቀበላለሁ። ለኮቪድ ይረዳል ስለተባለው መድኃኒት አይቨርሜክቲን የቀረበው የግብፅ ጥናት ግን ሳይገመገም ለወራት ተለጥፎ ቆይቶ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚያሰሉ የማጠቃለያ ትንታኔዎች ውስጥ ከገባ በኋላ ነው በጁላይ 2021 የተነሳው። ስለዚህ ይዘገብ ከተባለ፣ ቢያንስ ከጥናቱ ጋር ያልሠሩና ከዚያው ገንዘብ ሰጪ ያልተከፈላቸው ሁለት ባለሙያዎች ያንብቡት። «አልተገመገመም» የሚለውም መጨረሻው አንቀጽ ውስጥ አይቀበር፤ መግቢያው ላይ ይጻፍ።

የስታቲስቲክስ መምህር፦ ሁለት ነገር ልጨምር። ሙከራው አስቀድሞ ከተመዘገበ፣ እለካለሁ ያለውንና የዘገበውን አስተያዩ፤ ዋናው መለኪያ መሀል ላይ ከተቀየረ ምክንያቱን ጠይቁ። ከ10,000 ሰው 2 የነበረው 3 ሲሆንም «በ50 በመቶ ጨመረ» ብላችሁ አትለፉ፤ ሁለቱንም ቁጥር አብራችሁ ስጡ።

የዜና አርታኢ፦ በዚህ ሁሉ እስማማለሁ። ከሁለት ባለሙያ በፊት አይውጣ በሚለው ግን አይደለም፤ ወረርሽኝ ሲሆን አንድ ጠንካራ ባለሙያ ይበቃኛል።

የጤና ዘጋቢ፦ እኔ አልስማማም። በወረርሽኝ ጊዜ ነው አንዱ ባለሙያ እንደኛው የሚቸኩለው። ደግሞ ወረቀቱ ሲነሳ የድሮውን ዜና ማን ነው ተመልሶ የሚያርመው? ለዚያ ሰው ያልመደበ ዝግጅት ክፍል መጀመሪያውኑ ባይዘግበው ይሻላል።