ሩሚ ባጃጅ ላይ ምን ይሠራል?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ጎንደሮች። ትናንት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስመጣ ከፊቴ የነበረው ባጃጅ ጀርባው ላይ የፍቅር ጥቅስ ለጥፏል። ከሥሩ «ሩሚ» ይላል፣ ከጎኑ የመድኃኔዓለም ሥዕል። ቴሌግራም ላይም ቀኑን ሙሉ እሱ ነው የሚመጣብኝ። ሰውዬው የፋርስኛ ገጣሚ ነው፣ የሞተው እንደ ፈረንጆቹ በ1273 ነው እኮ፣ የፋሲል ግንብ ሳይታሰብ! እንዴት እስካሁን አላረጀም? የምር ጎበዝ ሆኖ ነው ወይስ ሰው ዝም ብሎ ስለሚያጋራው?

ቡና በጠዋት፦
ግማሹ ኢንተርኔት ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው በእንግሊዝኛ ዞሮ ነው። እንግሊዝኛውን ያስወደደው ደግሞ ኮልማን ባርክስ የሚባል አሜሪካዊ ገጣሚ ነው፤ ፋርስኛ ሳይችል የሌሎችን ትርጉም ወስዶ በዘመኑ አነጋገር ጻፈው። እስልምናውን ብዙ ቦታ አደብዝዞታል። ሩሚ እኮ የሃይማኖት መምህር ነበር፣ ጥቅሱ ላይ ያ የለም። ከሚለጠፈው ውስጥ ጭራሽ የሱ ያልሆነም ሞልቷል።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ፦
ቡና፣ ያልከው ልክ ነው። ግን ኢንተርኔት የመጣው ትናንት ነው፣ ከዚያ በፊት 700 ዓመት ማን አጋራው? መስነዊ የሚባለውን ሥራውን እዩ፤ ስድስት መጽሐፍ ነው፣ ወደ 25 ሺህ ጥንድ ስንኝ። በምን እንደሚጀምር ታውቃላችሁ? በዋሽንት። ከሸምበቆው መሐል ቆርጠው ከለዩኝ ጀምሮ አለቅሳለሁ ይላል። የኛም ዋሽንት እኮ ሸምበቆ ነው! ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ራሴ ቆርጬ፣ በጋለ ብረት በስቼ ነፍቻለሁ፤ ከወንዙ ለየሁት ብዬ ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። ሰሙ ሸምበቆ፣ ወርቁ ከፈጣሪዋ የተለየች ነፍስ። እናቱን ጥሎ አኮፋዳ አንግቶ አገር ላገር ለዞረ ተማሪ ይኼን ማን ያስረዳዋል? ሩሚ ራሱ ስደተኛ ነው፣ በልጅነቱ ዛሬ አፍጋኒስታን ካለችው ከባልኽ አካባቢ ወጥቶ የተቀበረው ቱርክ፣ ኮንያ ነው። በ1244 ያገኘው ወዳጁ ሸምስም ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጠፋበት።

የአራዳዋ፦
አንድ ነገር ልጨምር። መስነዊን እሱ በቃሉ እያለ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍለት። ከወረቀት በፊት ጆሮ ላይ የዋለ ግጥም ነው፤ እዚህ አዝማሪ ቤት ግጥም ሰጥታችሁ ስትቀበሉ እንደምትይዙት አይነት። ተከታዮቹ እስካሁን በዋሽንት እየተሽከረከሩ ያስቡታል፣ ቱርክ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1925 ገዳማቸው በሕግ ተዘግቶ እንኳ አልተውትም። የሞተበትን ሌሊት «የሰርግ ሌሊት» ነው የሚሉት፣ በኛ ታኅሣሥ 8።

የማራኪ ልጅ፦
የዋሽንቱ ነገር ገደለኝ። በነገራችን ላይ ባለ ባጃጁን ዛሬ ፒያሳ አገኘሁትና ጥቅሱን ከየት አመጣኸው አልኩት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ስቲከር የሚያትመው ልጅ ነው ይኼ ያምርብሃል ብሎ የለጠፈልኝ» አለ።