«አቋራጭ» ያልከው ከምን ወደ ምን ነው?

ባለ ማዳመጫ፦
ትናንት አንድ የቡድናችን አባል የዓመቱን የንባብ ዝርዝሩን አስቀመጠ። 40 መጽሐፍ። አብዛኛው ፋንታሲና ሳይንስ ፊክሽን ነው፤ 31ዱን በኢርፎን ነው ያዳመጠው። ከሥሩ መጀመሪያ የመጣው መልስ «እንግዲህ ያነበብከው 9 ነው፤ ሌላው አቋራጭ ነው» የሚል ነበር። ልጁ ወዲያው ዝርዝሩን አጠፋው። በጣም ነው የከፋኝ። ሰው ደስ ብሎት ያመጣውን አሸማቀን መለስነው። አሁን ያንን የጻፈው ሰው ያስረዳኝ። አቋራጭ ያልከው ከምን ወደ ምን ነው?

ገጽ ገላጭ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጁ ማጥፋቱ አሳዝኖኛል፤ በውስጥ መስመር ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ስታነብ ፊደሉን ዓይንህ ይለቅማል፤ ድምፁን የምትሰጠው ግን አንተ ነህ። ጠንቋዩ ሲቆጣ እንዴት እንደሚቆጣ፣ ዘንዶው ሲናገር ድምፁ ይወፍር ይቅጠን፣ አንተ ትወስናለህ። ፋንታሲ ከሌላው ልብ ወለድ የሚለየው እኮ ዓለሙን ከባዶ አብረህ ስለምትገነባ ነው። ተራኪው ገንብቶ ካስረከበህ ግማሹን ሥራ ዘለልከው። አቋራጭ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጠፈረኛ፦
እኔ እስከማውቀው አቋራጭ መንገድ ያጥራል። በዓይኑ የሚያነብ ሰው በአማካይ በደቂቃ 240 ገደማ ቃል ያነባል። ተራኪ ደግሞ 150፣ ቢበዛ 160 ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ለ31ዱ መጽሐፍ ካንተ የበለጠ ሰዓት ሰጥቷል። አንዳንዱ የፋንታሲ ቅጽ እኮ ብቻውን ከ40 ሰዓት ያልፋል። 40 ሰዓት ጆሮውን የሰጠ ሰው ምኑን አቋረጠ?

ገጽ ገላጭ፦
ስለ ሰዓት መቼ አወራሁ? ስለ ልፋት ነው የማወራው። ደግሞ ፍጥነቱን 2 እጥፍ አድርጋችሁ፣ ዕቃ እያጠባችሁ፣ መልእክት እየመለሳችሁ ነው የምታዳምጡት። እውነቱን እንነጋገር። ጆሯችሁ ውስጥ ሲያወራ ስለዋለ ብቻ መጽሐፉን ጨረስነው ትላላችሁ።

ባለ ማዳመጫ፦
ዕቃ ማጠቡን ካነሳህ ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ድስት እየፈተግኩ ነበር የማዳምጠው። 3 ቅጽ ሙሉ አብሬው የተጓዝኩት ሰው ሞተ። ተራኪዋ ድምፅዋን አልጨመረችም። ዝም አለች። ከዚያ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ለራሷ እንደምትናገር ቀስ አድርጋ አነበበችው። እጄ አረፋ እንደያዘ ቆምኩ። ቧንቧው ይፈሳል፤ መዝጋቱ ትዝም አላለኝ። ምዕራፉ እስኪያልቅ ያችኑ አንዷን ድስት ይዤ ቀረሁ። ይሄ ነው ልፋት የሌለበት?

ሌሊት አንባቢ፦
በመሃል ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ሰዎችን በ3 ከፍሎ ነበር፤ ያዳመጡ፣ ያነበቡ፣ ሁለቱንም ባንዴ ያደረጉ። በመረዳትም ሆነ ከ2 ሳምንት በኋላ በማስታወስ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ትምህርቱን በፖድካስት የሰሙ ተማሪዎች ፈተና ላይ ካነበቡት በጣም ዝቅ እንዳሉ አሳይቷል። ሁለቱም ስለ ፋንታሲ አይደሉም። የመጀመሪያው እውነተኛ ታሪክ ነው ያስነበባቸው። በአንድ ምዕራፍ 15 እንግዳ ስም፣ 4 መንግሥትና 2 የጠፋ ቋንቋ ሲመጣ ጆሮ ብቻውን ይችለዋል ወይ? እኔ አልቻልኩም። ወረቀት ላይ ዓይኔን 2 መስመር ወደ ላይ እመልሳለሁ፤ ሲነበብልኝ ግን የቱ ጋ እንደጠፋሁ ራሱ አላውቀውም።

ጠፈረኛ፦
ሰላሳ ሰከንድ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ አለ እኮ።

ሌሊት አንባቢ፦
አለ። እጅህ ሊጥ ሆኖ፣ ወይ መሪ ይዘህ፣ ትነካዋለህ? አትነካውም። ታልፈዋለህ። እኔም አልፌዋለሁ፤ ስለዚህ የማወራውን አውቃለሁ።

ማለዳ፦
ልጆች፣ ስትከራከሩ ሳነብ ቆየሁ። ማለትም ስልኬ ሲያነብልኝ ቆየሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ አያይም። የድምፅ መጽሐፍ ስንፍና ያመጣው ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጽሐፍ በሸክላ እያስቀረጸ ማደል ሲጀምር ለዓይነ ስውራን ብሎ ነው። ለእኔ ሌላ መንገድ አጠገቤ ኖሮ አይደለም ይሄኛውን የያዝኩት። ዋናው መንገዴ ነው። ስለዚህ «አቋራጭ» የሚለውን ቃል ስሰማ ደስ አይለኝም።

ገጽ ገላጭ፦
እትዬ፣ እርስዎን ጭራሽ አይመለከትም። የእርስዎ ማዳመጥ ንባብ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። እኔ ያልኩት ማየት እየቻሉ የሚያዳምጡትን ነው።

ማለዳ፦
አይ፣ ልጄ፣ ይመለከተኛል። እኔና ያ ልጅ አንድ ቅጂ፣ በአንድ ተራኪ፣ በአንድ ጆሮ ነው የሰማነው። የእኔ ንባብ ከሆነ የእሱም ነው። የእሱ ካልሆነ የእኔም አይደለም። ለእኔ ብቻ ካልከው ያዘንክልኝ ስለሆነ ነው እንጂ ስላነበብኩ አይደለም። እንደዚያ ያለ ቁጥር አልፈልግም።

ባለ ማዳመጫ፦
ይሄን አሁን መልስ።

ገጽ ገላጭ፦
እመልሳለሁ፤ እርስዎን አክብሬ። መጽሐፉ ራሱ ዓይንን የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። የዳንኤል ኪይስን «ፍላወርስ ፎር አልጀርኖን» ውሰዱ። ታሪኩን ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ አእምሮው ዘገምተኛ የሆነው ቻርሊ፣ ራሱ ነው በማስታወሻው የሚጽፈው። መጀመሪያ ፊደል ይገድፋል፣ ነጥብ አያስቀምጥም። አእምሮውን ለማበልጸግ የተደረገለት ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ፊደሉ ይስተካከላል። በኋላ ወደ ነበረበት ሲመለስም ያንን የምታየው በፊደሉ ነው። ማንም ምንም ሳይነግርህ፣ አንድ ቃል ተበላሽታ ስታያት ልብህ ይሰበራል። የተገደፈ ፊደል እንዴት ይነበባል? ተራኪው ቃሉን ሲጠራው ትክክል ሆኖ ይወጣል እኮ።

አዲስ ገባ፦
ወንድሜ፣ መጽሐፉን ገና ልጀምረው ነበር። መጨረሻውን ለምን ትናገራለህ?

ገጽ ገላጭ፦
ታሪኩ በአጭር ልብ ወለድነት እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ፣ በረጅም ልብ ወለድነት ደግሞ ከ1966 ጀምሮ አለ።

አዲስ ገባ፦
ለእኔ ግን ገና ነገ ነበር የሚወጣው። ማስጠንቀቂያ መጻፍ አይከብድም። የዚህ ቡድን ችግር ይሄ ነው፤ ቀድሞ ያነበበ ሰው ሌላው ሁሉ ያነበበ ይመስለዋል።

ዘንዶ ወዳጅ፦
ወደ ነገራችን። ገጽ ገላጭ ያነሳው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ግን መልስ አለው። የቴሪ ፕራቸት «ዲስክወርልድ» በሚባሉት ተከታታይ የፋንታሲ መጻሕፍት ውስጥ ሞት ራሱ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ንግግሩ ያለ ጥቅስ ምልክት በሙሉ በትልልቅ ፊደል ነው የሚታተመው። የግርጌ ማስታወሻው ደግሞ የቀልዱ ግማሽ ነው። ይሄ በጆሮ አይሆንም ትላለህ አይደል? እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በወጣው አዲስ ቅጂ ሞትን ፒተር ሴራፊኖዊች ብቻ ነው የሚናገረው፤ የግርጌ ማስታወሻውን ደግሞ ቢል ናይ ያነበዋል። ሌላ ድምፅ ሲገባ ከገጹ ግርጌ እንደወረድክ ወዲያው ይገባሃል። ትልቁ ፊደል በጆሮ መጣ።

ሌሊት አንባቢ፦
ጥሩ ተራኪ ሲገኝ ነዋ። በ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» መጽሐፍ 224 ድምፅ አውጥቶ ጊነስ የተመዘገበው ሮይ ዶትሪስ እንኳ በኋላ ቅጾች ላይ የአንዳንድ ሰዎችን ስም አጠራር ቀይሮታል። የአንዷ ገጸ ባሕርይ ስም ሲጠራ አዲስ ሰው የመጣች መስሎኝ ነበር።

ዘንዶ ወዳጅ፦
ዶትሪስን አትንካብኝ። ሰውየው በ80ዎቹ ዕድሜው ነው ያንን ሁሉ የተሸከመው። ሽማግሌ ጌታ ሲያናግር የእሱን ያህል የሚያሳምን አልሰማሁም።

ሌሊት አንባቢ፦
ሽማግሌውን ይችላል። ወጣት ሴት ልጆቹንም ግን እንደ ሽማግሌ ነው ያነበባቸው።

ዘንዶ ወዳጅ፦
በዚህ አንስማማም። ሁለት ጊዜ ሙሉውን ሰምቻለሁ፤ ሦስተኛም እሰማዋለሁ።

ጠፈረኛ፦
ስለ ተራኪ ሌላ ክር ክፈቱ፤ የጀመርነውን እንጨርስ። ገጽ ገላጭ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። «የሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት የሬዲዮ ድራማ ነበር። መጋቢት 1978 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ተጀመረ፤ መጽሐፉ በ1979 መጣ። ሰው ቀድሞ በጆሮው ነው የወደደው። ታዲያ አቋራጩ የትኛው ነው፤ መጽሐፉ ነው?

ገጽ ገላጭ፦
እሱ ለሬዲዮ ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ በሬዲዮ መስማት ትክክለኛው መንገድ ነው። የእኔን ነጥብ እኮ ነው ያጠናከርክልኝ። ለጆሮ የተጻፈ በጆሮ፣ ለገጽ የተጻፈ በገጽ።

ባለ ማዳመጫ፦
አሁን እኮ ቃልህን ቀየርክ። ትናንት «አቋራጭ ነው» አልክ። ጠዋት «ልፋት ነው» አልክ። አሁን «ለገጽ የተጻፈ» አልክ። የትኛውን ይዘን እንከራከር?

ገጽ ገላጭ፦
ሦስቱም አንድ ናቸው። ደራሲው ያዘጋጀልህን ሥራ አለመሥራት።

ማለዳ፦
የቻርሊን መጽሐፍ በሁለቱም መንገድ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሰማሁት፣ ከዓመታት በኋላ በብሬይል አገኘሁት። በብሬይል ሳነብ የተገደፈው ፊደል ጣቴ ሥር መጣ። አንድ ቃል ላይ ጣቴን መለስኩ፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ። የተሳሳትኩት እኔ አልነበርኩም፤ ቻርሊ ነው። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ስሰማው አላለቀስኩም ነበር። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ገጽ ገላጭ ልክ ነው፤ አልክድም። ግን ይሄ የአንድ መጽሐፍ ጠባይ ነው። በዚህ ተነስተህ የ31 መጽሐፍ ሰሚን ዜሮ አትሰጠውም።

ገጽ ገላጭ፦
እትዬ፣ ይሄን ስለነገሩን አመሰግናለሁ። የእኔም ነጥብ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ባለ ማዳመጫ፦
በጣም የራቀ ነበር። «ያነበብከው 9 ነው» ነበር ያልከው።

የቡድኑ አስተባባሪ፦
ክርክሩን አየሁት። ለጊዜው የዓመቱን ዝርዝር በሁለት ዓምድ እናድርገው፤ «የተነበበ» እና «የተደመጠ»። ማንም ማንንም አይቀንስም።

ጠፈረኛ፦
ለይተህ ከጻፍከው እኮ ቀንሰኸዋል።

ሌሊት አንባቢ፦
እኔ እስማማለሁ። መለየት መናቅ አይደለም። ሰው የትኛውን ፋንታሲ በጆሮ መሞከር እንደሚሻለው ከዝርዝሩ ያያል፤ ይጠቅማል።

ማለዳ፦
አስተባባሪ፣ በብሬይል ያነበብኩት የትኛው ዓምድ ይገባል?

የቡድኑ አስተባባሪ፦
«የተነበበ» ውስጥ፣ እትዬ።

ማለዳ፦
እሺ። ያው መጽሐፍ ጣቴ ሲደክም በጆሮዬ የጨረስኩትስ? ምዕራፍ 12 ድረስ በጣት፣ ከዚያ በኋላ በጆሮ?

ገጽ ገላጭ፦
እሱ ድብልቅ ነው፤ ለብቻው ይታይ።

ማለዳ፦
እንግዲያው የእኔን ዝርዝር አትጠብቁ። ዘንድሮ 52 መጽሐፍ ነው፤ ለሁለት ከፍዬ አላስቀምጠውም።